የመስኮቱ ሹም መከላከያ

ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ ያሉት አባቶቻችን ደቡብ አፍሪካን ስላላዩ ነው። እዚያ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ይከሰሳል፤ ተከሶም ይረታል፤ ተረትቶም በማግሥቱ ሥራውን ካቆመበት ይቀጥላል። በስደተኛ ጉዳይ ስመ ጥር የሆኑትን መዝገቦች ገልጦ ላየ ሰው ከከሳሾቹ መካከል የእኛ አገር ልጅ ስም ተደጋግሞ ይገኛል። እኔ ቤሌ ከተማ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ጠረጴዛ ዘርግቼ ማመልከቻ እየጻፍኩ የምተዳደር ሰው ነኝ። ስጽፍ የኖርኩት በአብዛኛው ለከሳሽ ነው፤ ተበዳይ ሁልጊዜ ከበዳይ ቀድሞ ይመጣልና። ዛሬ ግን ለተከሳሹ ልቆምለት ወስኛለሁ። ማንም አልወከለኝም፤ የጽሕፈት ዋጋም አልጠይቅም። ከኢሚግሬሽን መስኮት ጀርባ የተቀመጠው ሹም ይህን ያህል ዓመት በዳኞች ሲወቀስ አንድም ሰው መከላከያ ሳይጽፍለት መቅረቱ ለሙያችን ነውር ነው።

ጉዳዩ ቤሌን ምን አገባት የሚል የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ሊነሳ ይችላል። ቤሌ በወላይታ የኪንዶ ኮይሻ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከሶዶ በስተ ምዕራብ። በወላይታ መሬቱ ጠባብ፣ ሰዉ ብዙ ነው። አባት ለልጆቹ የሚያካፍለው የእንሰት ጓሮ ሲያልቅበት የደላላ ስልክ ቁጥር ያወርሳል። በሀዲያም በከምባታም ያው ነው። ልጁ ደቡብ አፍሪካ ለመድረስ በሞያሌ ወጥቶ ኬንያንና ታንዛንያን፣ ከዚያም እንደ ደላላው ስምሪት ማላዊን ወይም ዛምቢያን፣ ሞዛምቢክን ወይም ዚምባብዌን ያቋርጣል። እንግዲህ አንድ የቤሌ ወጣት ጢሙ በቅጡ ሳይወጣ የአምስትና የስድስት መንግሥታትን የኢሚግሬሽን ሥልጣን በአካሉ መርምሯል። የሕግ መምህራን እንኳ ይህን ያህል የመስክ ጥናት አያደርጉም። መቃወሚያው ውድቅ ነው።

ወደ ክሱ ልግባ። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ የስደተኞች ሕግ፣ በ2002 የወጣ ደግሞ የኢሚግሬሽን ሕግ አላት። የመጀመሪያው ሸሽቶ ለመጣ ሰው ከለላ ይሰጣል፤ ሁለተኛው ያለ ፈቃድ የገባውን ይዞ ይመልሳል። ችግሩ ሸሽቶ የመጣውና ያለ ፈቃድ የገባው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው መሆኑ ነው። ሹሙ በሁለተኛው ሕግ ይይዘዋል፤ ሰውየው በመጀመሪያው ሕግ ይጮሃል። ዳኞቹ የገቡት እዚህ መሐል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010 ብሉምፎንቴይን የሚያስችለው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ አርሴ በተባለው መዝገብ፣ ሊንዴላ ማቆያ ውስጥ ታስሮ የነበረ ኢትዮጵያዊ እንዲለቀቅ አዘዘ። በ2011 ቡላ በተባለው መዝገብ፣ አሁንም ኢትዮጵያውያን ናቸው፣ ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ተናገረ። አንድ ሰው ጥገኝነት መጠየቅ እፈልጋለሁ ካለ የሕጉ ከለላ ያን ጊዜውኑ ይጀምራል፤ የጥያቄውን እውነትና ሐሰት የሚመዝነው ለዚያ የተመደበው መኮንን እንጂ ሰውየውን የያዘው ሹም አይደለም። በ2012 ኤርሱሞ፤ ኢትዮጵያዊ። የ14 ቀኑ የመተላለፊያ ወረቀት ጊዜው ቢያልፍም መብቱ አብሮ አያልፍም ተባለ። በ2018 ሩታ በተባለ ሩዋንዳዊ መዝገብ ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ራሱ ገባበትና፣ መዘግየት ብቻውን ሰውን ከማመልከት አያግድም አለ። ነገሩ ያለቀ መስሎ ነበር። በ2021 አቦሬ፤ ኢትዮጵያዊ። በ2023 አሸቦ፤ ኢትዮጵያዊ። በመካከሉ ከ2020 ጀምሮ የጸና የሕግ ማሻሻያ ስለነበር መንግሥት አሁንስ ነገሩ ተለውጧል ብሎ ተከራክሯል፤ ፍርድ ቤቱ ግን ሊያመለክት የፈለገ ሰው ጥያቄው ታይቶ ሳያልቅ አይባረርም ሲል ያንኑ መለሰ።

ከሳሾች ይህን ሁሉ የሹሙ እምቢተኝነት ማስረጃ አድርገው ያቀርቡታል። እኔ የማነበው በተቃራኒው ነው። ዳዊት አንድ ጊዜ ተደግሞ አይተውም፤ የተቀደሰ ቃል ሁሉ የሚጸናው በመደጋገም ነው። ሹሙ በ2010 ፍርዱን ሰምቶ በማግሥቱ ቢታዘዝ ኖሮ የ2011ዱ ፍርድ ከየት ይመጣ ነበር? የ2012ቱስ? ዛሬ የደቡብ አፍሪካ የሕግ ተማሪ በፈተና ላይ የሚጽፋቸው የኢትዮጵያውያን ስሞች ከየት ይገኙ ነበር? አገራችን ለዓለም የሕግ ሳይንስ ያበረከተችውን የቆጠረ የለም እንጂ፣ ይህኛው አስተዋጽኦ ሙሉ በሙሉ የዚያ ሹም ልፋት ነው። ሰው ይዞ ባያስር ከሳሽ አይኖርም፤ ከሳሽ ባይኖር ዳኛው ምን ይተረጉማል?

ደግሞስ ሥራቸውን እናነጻጽር። ዳኛው የሚፈርደው በአንድ መዝገብ ላይ ነው፤ ያውም ቀጠሮ ሰጥቶ፣ መጽሐፍ አገላብጦ፣ ሻይ ጠጥቶ። ሹሙ የሚወስነው በሰልፍ ላይ ነው። ከጎህ ጀምሮ የቆመ ሰልፍ ፊቱ ተደርድሮ እያየ የብሉምፎንቴይንን ፍርድ ያንብብ ማለት ጭካኔ ነው። እሱ ያለው ማህተም ብቻ ነው፤ ማህተም ደግሞ የግርጌ ማስታወሻ አይቀበልም።

በተከሳሹ ላይ ከቀረቡት ክሶች እጅግ የሚያሳፍረው የኬፕ ታውኑ ቢሮ ጉዳይ ነው ይባላል። የኬፕ ታውን የስደተኞች መቀበያ ቢሮ በ2012 ለአዲስ አመልካቾች ተዘጋ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በሴፕቴምበር 2017 የመዘጋቱን ውሳኔ ሕገ ወጥ ብሎ፣ ቢሮው እስከ ማርች 31 ቀን 2018 እንዲከፈት አዘዘ። የተከፈተው በ2023 ነው። አምስት ዓመት ዘገየ እየተባለ ስንት ተጻፈ! ለመሆኑ ፍርዱ 2018 ሲል በየትኛው አቆጣጠር ነው? ቢሮው ከሚያስተናግዳቸው የእኛ አገር ሰዎች ብዛት አንጻር ሹሙ በእኛ አቆጣጠር ቆጥሮት እንደሆነ ማን ጠየቀው? በእኛ ከሆነ ቀጠሮው መጋቢት 2018 ዓ.ም. ነው፤ ቢሮው ደግሞ የተከፈተው በ2015 ዓ.ም. ነው፤ ሦስት ዓመት ያህል ቀድሞ። መጋቢት 31 የሚባል ቀንም በባሕረ ሐሳብ የለም፤ ስለዚህ ትእዛዙ ከጅምሩ ሊፈጸም የማይችል ነበር። በዚህ ነጥብ ላይ ተከሳሽ በነጻ ብቻ ሳይሆን በሽልማት ሊሰናበት ይገባል።

የ48 ሰዓቱ ነገር ደግሞ አለ። የኢሚግሬሽን ሕጉ ያለ ፈቃድ ተገኘ የተባለን ሰው ዳኛ ሳያይ እስከ 30 ቀን ማቆየት ይፈቅድ ነበር፤ ከዚያም የመጅስትሬት ፈቃድ ከተገኘ ሌላ 90 ቀን። መጅስትሬቱ የሚያየው ወረቀቱን እንጂ ሰውየውን አልነበረም። ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት በጁን 2017 ይህንን ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል አለ፤ የታሰረ ሁሉ በ48 ሰዓት ውስጥ በአካል ዳኛ ፊት ይቅረብ ብሎ፣ ምክር ቤቱ ሕጉን እንዲያስተካክል ሁለት ዓመት ሰጠ። ሁለት ዓመቱ አለፈ። ሕጉ አልተስተካከለም። የሚኒስቴሩ ሰዎች በ2023 ተመልሰው ፍርድ ቤቱ ፊት ሲቆሙ ዳኞቹ ያደረጉትን ለመጻፍ ብዕሬ ይንቀጠቀጣል፤ ከወጪና ኪሣራው 10 በመቶውን ሚኒስትሩ፣ 25 በመቶውን ዋና ዳይሬክተሩ ከገዛ ኪሳቸው እንዲከፍሉ ወሰኑ። ከገዛ ኪሳቸው! ሹም ከመንግሥት ካዝና ሌላ ኪስ እንዳለው በፍርድ ሲረጋገጥ እኔ በበኩሌ ሰምቼ አላውቅም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ያለው ሕዝብ፣ ተሹሞ ሳለ ስለሚከፍል ሰው ምንም ተረት አላስቀመጠም። እንዲህ ያለ ፍርድ ከተለመደ ነገ አንድ ቀበሌ ሊቀመንበር ለዘገየ መታወቂያ ሊጠየቅ ነው።

ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት የተሠራበት ቦታም ለሹሙ መራራት እንዳለብን ያስተምራል። ጆሃንስበርግ ኮረብታ ላይ፣ የእኛ ልጆች ከሚነግዱበት ከጂፒ ሰፈር በእግር የሚደረስበት፣ የቀድሞ ወህኒ ቤት ግቢ ነው። ኔልሰን ማንዴላ በ1962 ተይዘው ፍርድ ሲጠብቁ እዚያ ታስረው ነበር። ከተፈረደባቸው የአምስት ዓመት እስራት ውስጥ ሁለቱ ዓመት ያለ ሕጋዊ የጉዞ ሰነድ ከአገር ስለወጡ ነበር። ሰነድ ግን አልነበራቸውም ማለት አይደለም፤ ዴቪድ ሞትሳማዪ በሚል ስም የተሰጣቸው ፓስፖርት ነበራቸው። የሰጣቸው የኢትዮጵያ መንግሥት ነው። አዲስ አበባ ኮልፌ ላይ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት በዚያው ዓመት ነው። የእኛ አገር ሹም በዚያን ዘመን ስለ ስም እንዲህ አይጨናነቅም ነበር። እንግዲህ የዛሬው የደቡብ አፍሪካ ሹም ይህን ታሪክ ያውቃል፤ ወረቀት ሳይኖረው ድንበር የተሻገረ ሰው ኋላ ፕሬዚዳንት ሊሆን እንደሚችል በአገሩ አይቷል። በስፓዛ ሱቅ ባንኮኒ ጀርባ የቆመውን የወላይታ ልጅ በጥርጣሬ ቢያየው ምን ይፈረድበታል?

ስለ ሱቁ ካነሳን፣ በ2012 የሊምፖፖ ፖሊስ በዘመቻ በመቶ የሚቆጠሩ የስደተኛ ሱቆችን ዘግቶ ነበር። የሶማሌና የኢትዮጵያ ማኅበረሰቦች ተባብረው ከሰሱ፤ በ2014 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ስደተኛም ጥገኝነት ጠያቂም የንግድ ፈቃድ ማውጣትና ማደስ ይችላል አለ። ሶማሌና ኢትዮጵያዊ በአንድ መዝገብ፣ በአንድ ወገን፣ አብረው ሲረቱ! ለአፍሪካ ቀንድ ሰላም ይህን ያህል የደከመ ፖሊስ መወቀሱ አሁንም አይገባኝም።

ባለፈው ጊፋታ ሰሞን ከጆበርግ የተመለሰ የሰፈራችን ልጅ ጠረጴዛዬ ዘንድ መጥቶ ተቀመጠ። ከጃኬቱ የውስጥ ኪስ በፌስታል የተጠቀለለ የጥገኝነት ጠያቂ ወረቀቱን አወጣ። አራት ቦታ ከመታጠፉ ብዛት እጥፋቱ ሳስቶ በፕላስተር ተይዟል። ጥጉ ላይ ፎቶ አለ፤ ፎቶው ላይ ያለው ልጅ ጢም የለውም፣ ፊቴ የተቀመጠው ሰው ግን ሽበት ጀምሮታል። ሌላው ማህተም ነው። ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ አንዱ በአንዱ ላይ፤ ሦስት ወር ተራዘመ፣ ስድስት ወር ተራዘመ፣ እንደገና ስድስት ወር። ከላይ ጊዜያዊ ነው ይላል። አንድ ወረቀት ሰውን ከጉርምስና እስከ ሽበት ካደረሰው በኋላ ጊዜያዊ ነኝ ሲል ያለውን ትሕትና ልብ በሉ።

«ቡላ የሚባል ፍርድ አለ፤ ሰምተህ ታውቃለህ?» አልኩት፤ ያነበብኩትን ላካፍለው ፈልጌ።

«አውቃለሁ ጋሼ። ሲይዘኝ ለፖሊሱም ነግሬዋለሁ።»

«ምን አለህ?»

«ፍርዱ ያለው ብሉምፎንቴይን ነው፣ አንተ ያለኸው መኪናዬ ላይ ነው አለኝ።»

በአስተዳደር ሕግ ላይ የተጻፉ ወፋፍራም መጻሕፍት አሉ፤ የዳኝነት ሥልጣንን ወሰን እንደዚህ ባጭሩ ያስቀመጠ ግን አላጋጠመኝም። ልጁ ያን ሌሊት ታስሮ አደረ፣ ጠበቃ ተገኘለት፣ ተፈታ። ፖሊሱ ተሸነፈ ማለት ነው። ለማንኛውም በማግሥቱ መኪናው ላይ ሌላ ሰው ነበር።

ከላይ ያነሳሁት የ2020 የሕግ ማሻሻያ ያመጣው ጥያቄ ደግሞ እንዲህ የሚል ነበር፤ በመግቢያ በር ያልገባ ሰው በበሩ ያልገባበትን በቂ ምክንያት ያስረዳ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በር እያለ አጥር የሚዘል ሰው ይጠየቃል። መልሱን ግን በቃለ መሐላ ለማስገባት የሚቸግሩ ምስክሮች አሉ። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ቴቴ ላይ የአንድ ጭነት መኪና ኮንቴይነር ሲከፈት ውስጡ 78 ኢትዮጵያውያን ነበሩ። 64ቱ አየር አጥሯቸው ሞተዋል። በሕይወት የወጡት 14 ናቸው። በዚህ ነጥብ ላይ ለተከሳሹ የምጽፍለት መከላከያ አጣሁ፤ ቦታውን ባዶ ትቼዋለሁ።

አንዳንድ ቅን ሰዎች ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ይህን ያህል መከራዋን የምታየው ከእኛ ስላልተማረች ነው ይላሉ። እውነት አላቸው። እዚያ ሹሙ ሕጉን ይጥሳል፣ ዳኛው ይተረጉማል፣ ሹሙ እንደገና ይጥሳል፤ አድካሚ ነው። የእኛ ሕግ አውጪ አርቆ አሳቢ ስለሆነ ለትርጉም የሚተርፍ ነገር አያስቀምጥም። ለምሳሌ የገቢዎችና ጉምሩክ ሠራተኞች ደንብ ቁጥር 155/2000 አንቀጽ 37 ዋና ዳይሬክተሩ በሙስና የጠረጠረውን ሠራተኛ መደበኛውን የዲሲፕሊን ሥርዓት ሳይከተል እንዲያሰናብት ፈቀደ፤ ቀጥሎም የተሰናበተው ሰው በየትኛውም የፍርድ አካል ውሳኔ ወደ ሥራ የመመለስ መብት የለውም አለ። እዩት እንግዲህ፤ ዳኛው ከመዳኘቱ በፊት ተሸነፈ። ወጪ የለ፣ ቀጠሮ የለ፣ 25 በመቶ የለ።

በኢሚግሬሽንም እየተሻሻልን ነው። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 32 ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት ነጻነት አለው ይላል። የኢሚግሬሽን አዋጅ ቁጥር 354/1995ም ሰው ከአገር እንዳይወጣ የሚታገደው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ብቻ ነው ብሎ ነበር። ሰኔ 2016 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ባጸደቀው ማሻሻያ ግን የማገድ ሥልጣን ለኢሚግሬሽን ተቋሙ ዋና ኃላፊም ተሰጠ። ስንት መዝገብ የተከመረበት ዳኛ አንድ ሸክም ቀለለት ማለት ነው። ፍርድ ቤቱ የሹሙን ሥልጣን እንዴት ተረጎመው ብሎ ከመጨነቅ የፍርድ ቤቱን ሥልጣን ለሹሙ ማካፈል፤ ደቡብ አፍሪካውያን ይህንን ቢያስቡበት ኖሮ ሚኒስትራቸው ኪሱን ባልዳበሰ።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የሚባልም አለን። የፌዴራል መሥሪያ ቤት ውሳኔ በፍርድ ቤት እንዲከለስ አቤት ማለት ይቻላል ይላል። ጥሩ አዋጅ ነው። ይሁንና ጠረጴዛዬ ላይ በዚህ አዋጅ መሠረት በኢሚግሬሽን ሹም ላይ አቤቱታ ጻፍልኝ ያለኝ ሰው እስከ ዛሬ አልመጣም። ፓስፖርት የዘገየበት ሰው ይቺን ጠረጴዛ አልፎ ቀጥ ብሎ ደላላው ዘንድ ይሄዳል። ደላላው አዋጅ አያነብም፤ ቀን ይቆርጣል፤ በቆረጠው ቀን ያደርሳል። ከፍርድ ቤትም ከሹምም በላይ ቀጠሮ የሚያከብር እሱ ሆኖ ተገኘ።

ስለዚህ ክቡራን ዳኞች፣ ተከሳሽ በነጻ እንዲሰናበት እለምናለሁ። ይህ ካልሆነ አማራጭ ዳኝነት አለኝ፤ ከአባቶች ሥርዓት የወሰድኩት ነው። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪደርሱ ኩታቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ አብረው ይሄዱ ነበር፤ ቁራኛ ይባላል። በሕግ አምላክ የተባለ መንገደኛም ጉዞውን ትቶ ቆሞ ይዳኛቸው ነበር። ያዡ ሹምና የተያዘው ስደተኛ እንዲሁ ይቋጠሩ። አንዱ ሲታሰር ሌላው ይታሰር፤ አንዱ ሲሰለፍ ሌላው ይሰለፍ። ሹሙ ለራት ቤቱ መግባት ስላለበት 48 ሰዓት አያስፈልግም፤ በ48 ደቂቃ ዳኛ ይገኛል።

ዳኝነቱ እስኪሰጥ ድረስ መንገድ ለጀመርክ የቤሌ ልጅ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ለዚህም ዋጋ አልጠይቅም። አትሂድ ብልህ እንደማትሰማኝ አውቃለሁ። በያዙህ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ ጥገኝነት መጠየቅ እፈልጋለሁ በል፤ በእንግሊዝኛ በልና ጎንህ ያለው ሰው እንዲሰማ ድምፅህን ከፍ አድርግ። ከ2011 ጀምሮ የሕጉ ከለላ የሚቆጠረው ከዚያች ቃል ነው። ሹሙ የሚመልስልህን አትጻፍ፤ የታወቀ ነው። ስሙን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፍ።